የድሮ የጀርመን መኪና ገዝቼ ባስቀምጥ ያዋጣኛል?

ጥያቄ

ውድ የዓምዱ አዘጋጅ፣

የ46 ዓመት ሰው ነኝ፤ ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት። ለዓመታት ያጠራቀምኩት ገንዘብ ባንክ ውስጥ ተኝቶ የመግዛት አቅሙ እየሟሸሸ ስለመጣ አንድ ነገር ላይ ላውለው አስቤአለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ የምመኘው የጀርመን ባለ አራት በር የስፖርት መኪና ነው። የድሮዎቹ ዋጋ በየጊዜው እየጨመረ መሆኑን አነባለሁና ምኞቴንና ትርፉን አንድ ላይ ባገኝ ብዬ ሁለት መኪኖች አየሁ።

አንደኛው የ1992 መርሴዲስ 500 ኢ ነው። ቆጣሪው 62 ሺህ ኪሎ ሜትር ብቻ ያሳያል፤ በቅርቡ ሙሉ ቀለም ተቀብቶ መስታወት መስሏል። የአገልግሎት ደብተሩ ግን «ቤት ስንቀይር ጠፋ» ይላል ሻጩ። ሁለተኛው የ2000 ቢኤምደብሊው ኤም 5 ነው። 190 ሺህ ኪሎ ሜትር ተነድቷል፤ ቀለሙ እዚህም እዚያም ተጭሯል። ባለቤቱ ግን አንድ ወፍራም ክላሰር ሙሉ ደረሰኝ አሳይቶኛል፤ ዋጋውም ከመርሴዲሱ በአንድ ሦስተኛ ይቀንሳል።

ልቤ ወደ መርሴዲሱ ነው። ያጠራቀምኩትን በሙሉ አውጥቼ፣ የጎደለውን ከወንድሜ ተበድሬ ልገዛው፣ ሳልነዳው ሸፍኜ 10 ዓመት ላስቀምጠው፣ ከዚያ ሸጬ ለልጆቼ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ላውለው ነው ሐሳቤ። ባለቤቴ «ስንሸጠውስ ማን ይገዛናል?» ትላለች። ምን ትመክሩኛላችሁ? ደግሞም የኤም 5ቱ ቸርኬዎች የፋብሪካው አይደሉም፤ ይህ ችግር አለው?

ልቤ የሸፈተ


መልስ

ውድ ጠያቂዬ፣

ደስ የማይልዎትን አስቀድሜ ልናገር። መርሴዲሱን ይተዉት። የወንድምዎን ገንዘብ አይንኩ። የልጆችዎን የትምህርት ገንዘብ ለብቻው ካስቀመጡ በኋላ የሚተርፍዎት ኤም 5ቱን ከነጥገና መጠባበቂያው የሚችል ከሆነ፣ ባለሙያ መርምሮት ካለፈ ይግዙት፤ ግን ሊነዱት እንጂ ሊሸፍኑት አይሁን። የሚተርፈው ካልበቃ ሁለቱም ይቅሩ።

ልብዎ የሸፈተበት ምክንያት ግን ይገባኛል። መርሴዲስ በ1980ዎቹ መጨረሻ (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ከ500 ኤስኤል ላይ ባለ 5 ሊትሩን ቪ8 ሞተር ወስዶ፣ የጀርመን ታክሲዎች በሚሠሩበት በዚያው ጨዋ አካል ውስጥ ሊያስገባው ወሰነ። ሞተሩና ሰፋፊዎቹ ጎማዎች እንዲገቡ ፓራፋንጎዎቹ ሲሰፉ መኪናው በዚንደልፊንገን ፋብሪካ የመገጣጠሚያ መስመር የማያልፍ ሆነ። በዚያን ጊዜ ገበያ ቀዝቅዞበት የነበረው ፖርሼ እዚያው ጎረቤት ነበርና ሥራው ለእሱ ተሰጠ። አካሉ ከዚንደልፊንገን ወደ ፖርሼው ዙፈንሃውዘን፣ ከዚያ ለቀለም ወደ ዚንደልፊንገን፣ ለመገጣጠም እንደገና ወደ ዙፈንሃውዘን ይመላለስ ነበር፤ አንዱን መኪና ለመጨረስ 18 ቀን ይወስድ ነበር። በ1990 በፓሪስ የመኪና ትርኢት ላይ ታየ፤ 326 የፈረስ ጉልበት ነበረው፤ ምርቱ እስኪቆም 10,479 ተሠሩ። ከሩቅ ለሚያየው ሰው ግን የአንድ ጡረተኛ የቤት መኪና ይመስላል። ውበቱም እዚያ ላይ ነው።

ኤም 5ቱም የሚናቅ አይደለም። ባለሙያዎች ኢ 39 የሚሉት ይህ ትውልድ ከ1998 እስከ 2003 ነው የተመረተው። ባለ 4.9 ሊትር ቪ8 ሞተሩ 400 የፈረስ ጉልበት አለው፤ ካምቢዮው ስድስት ማርሽ ያለው ማንዋል ብቻ ነው፤ አውቶማቲክ አማራጭ አልነበረውም። 20,482 ተሠርተዋል። ቁጥሩ የመርሴዲሱን እጥፍ ያህል ነው፤ ይህን ሻጭዎ ሳይነግርዎት አይቀርም። «ብርቅ ነው» የሚለው ቃል በዚህ ገበያ ውስጥ ከሁሉ የበለጠ የሚደክም ቃል ነው። ብርቅነት ዋጋ የሚያወጣው ፈላጊ ሲኖር ብቻ ነውና ስለ ፈላጊው ትንሽ እናውራ።

ጣሪያ የነኩትን ይመልከቷቸው። መርሴዲስ 190 ኢ 2.5-16 ኢቮሉሽን 2 በ1990 የወጣው የውድድር ደንብ ቢያንስ 500 የመንገድ መኪና ተሠርቶ እንዲሸጥ ስላስገደደ ነው፤ 502 ተሠሩ። የመጀመሪያው የቢኤምደብሊው ኤም 3ም ሕልውናው ከዚሁ ዓይነት ደንብ የመጣ ነው። እነዚህ መኪኖች በውድድር ሜዳ አሸንፈዋል፤ ያን ውድድር በቴሌቪዥን ያየው ልጅ አድጎ ገንዘብ ሲይዝ ሊገዛቸው መጣ። ዋጋቸው የዘለለው ያን ጊዜ ነው። እርስዎ አሁን የሚያነቡት ዜና የዚያን ዝላይ ወሬ ነው፤ የነገውን አይደለም። ዝላዩን ያተረፈበት ሰው መኪናውን የገዛው ማንም ዞር ብሎ በማያየው ጊዜ ነው፤ አብዛኛው ደግሞ ለትርፍ ብሎ ሳይሆን ስለወደደው ነው የገዛው።

ጥበቃው ምን ያህል ሊረዝም እንደሚችል ደግሞ ቢኤምደብሊው 2002 ቱርቦ ይነግረናል። በ1973 መጸው በፍራንክፈርት ታየ፤ ወዲያው የነዳጅ ቀውስ መጣ፤ 1,672 ብቻ ተሠርቶ ምርቱ ቆመ። ዛሬ ሰብሳቢ የሚሻማበት ነው። ግን በ1974 አዲሱን ገዝቶ «ውድ ይሆናል» ብሎ የሸፈነ ሰው ቢኖር ልጆቹ ብቻ ሳይሆኑ የልጅ ልጆቹም ትምህርት ቤት ገብተው ነበር። ወደ ላይ የወጣውም ሁሉ ላይ አልቀረም። በ1980ዎቹ መጨረሻ የድሮ መኪና ዋጋ በግምት ንግድ ሰማይ ነክቶ ነበር፤ ከ1990 ጀምሮ ተንኮታኮተ፤ በተለይ በጫፉ ላይ ፌራሪ የገዙ ሰዎች ያወጡትን ለማየት ከ10 ዓመት በላይ ጠብቀዋል። የእርስዎ ዕቅድ ርዝመትም በትክክል 10 ዓመት ነው።

ሻጮች የሚያነሡት ሌላ ነገር አለ፤ አሜሪካ 25 ዓመት የሞላውን መኪና የደኅንነት ደንቧን ሳያሟላም ታስገባለች፣ ስለዚህ ዋጋው ይዘላል የሚሉት። ደንቡ እውነት ነው። የሚጠቅመው ግን መጀመሪያውኑ አሜሪካ ውስጥ ላልተሸጡት ነው፤ ለአውዲ አርኤስ 2 ወይም ለላይኛው ኢቮሉሽን 2። ሁለቱም የእርስዎ መኪኖች በአዲስነታቸው አሜሪካ ተሸጠዋል፤ የሚከፈትላቸው አዲስ በር የለም። ይህን ያነሣብዎት ሻጭ ካለ አንድም አያውቅም፣ አንድም እርስዎ አያውቁም ብሎ ገምቷል።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ። የገንዘብ ዓይነት ሳልጠቅስ መኪናውን በ100 ገዙት እንበል። መድን፣ ማቆሚያ፣ ዓመታዊ አገልግሎት፣ ጎማ፣ ድንገተኛ ጥገና ተደምሮ በዓመት 6 ያህል ይበላል እንበል፤ ለእንዲህ ዓይነት መኪና ይህ ግነት አይደለም። መኪናው ቆሞም ይበላል፤ ሳይጠመድ የሚቀለብ በሬ ነው። በ10 ዓመት 60 ወጣ። ሲሸጡ ለማስታወቂያ፣ ለደላላ ወይም ለጨረታ አገናኝ፣ ለማጠብና ለማሰናዳት 10 ያውጡ። በ170 ቢሸጡት ምንም አላተረፉም ማለት ነው፤ ጎረቤት ግን «በ100 ገዝቶ በ170 ሸጠ» ይላል። እንዲህ ዓይነቱ ወሬ ነው ወደዚህ ገበያ ሰው የሚያስገባው።

አልጨረስንም። ያው 100 ሌላ ቦታ በዓመት 5 በመቶ ቢያስገኝ ኖሮ በ10 ዓመት 163 ይሆን ነበር። በየዓመቱ ለመኪናው ያወጡት 6 እዚያው ቢጠራቀም 75 ገደማ ይሆናል። የሽያጩን 10 ሲጨምሩበት መኪናው ወደ 250 መሸጥ አለበት፤ በየዓመቱ 10 በመቶ ገደማ፣ 10 ዓመት ሙሉ፣ ሳያሰልስ ማደግ አለበት ማለት ነው። አንዳንድ መኪና ይህን አድርጓል። የትኛው እንደሚያደርግ አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው ግን ለእርስዎ አይሸጥልዎትም።

ሌላው የሚያሳስበኝ ቀኑ ነው። የዩኒቨርሲቲ ክፍያ ቀን የተቆረጠ ነው፤ የድሮ መኪና ገዢ ግን ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይጠፋል። መስከረም ላይ ገንዘብ ያስፈለገው ሰው መኪናውን በነሐሴ የሚሸጠው ባገኘው ዋጋ ነው። ወንድምዎም እንደዚሁ ነው፤ ዛሬ በደስታ ይሰጥዎታል፣ ከሦስት ዓመት በኋላ ቢቸግረው ግን የመኪናውን አንድ በር ነቅለው አይከፍሉትም።

ስለ መሸፈኑ ደግሞ ጠበቅ አድርጌ እናገራለሁ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። መኪና ሳይነዳ ሲቆም አያርፍም፤ በሌላ መንገድ ያረጃል። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል፤ ለዚህ ነው ተነዳም አልተነዳም በየሁለት ዓመቱ የሚቀየረው። ካልተቀየረ የፍሬኑን ፒስተን ከውስጥ ያዝገዋል። ቤንዚን ታንኩ ውስጥ ሲቆይ ሙጫ ይሆንና መርጫዎቹን ይደፍናል። ጎማ አንድ ቦታ ላይ ተጭኖ ይጎብጣል፤ ዘይት የሚቋጥሩት ላስቲኮች ዘይት ሳይነካቸው ሲቀር ይደርቃሉ፣ ከዚያ የተነሣ መኪናው በተነዳ በሳምንቱ ማንጠባጠብ ይጀምራል። 500 ኢ ከኋላ በሃይድሮሊክ ከፍታውን የሚያስተካክል ሱስፔንሽን ስላለው የሚደርቅ ላስቲክ እዚያም አለው። በፕላስቲክ ሸራ ሲሸፈን ደግሞ ላቡ ከውስጥ ይቀርና ዝገቱ ይፋጠናል። አንዳንዱ በየሳምንቱ አስነሥቶ አምስት ደቂቃ ያሰማዋል፤ ይህ ከነጭራሹ ካለማስነሣት ይከፋል፤ ሞተሩ ሳይሞቅ የተፈጠረው ውሃ ዘይቱና ማርሚታው ውስጥ ይቀራልና። የሚያኖረው ቢያንስ በየሁለት ሳምንቱ ግማሽ ሰዓት ያህል መንገድ ላይ ማውጣት፣ ዘይቱ በደንብ እስኪሞቅ መንዳት ነው። ዘይቱን ደግሞ ኪሎ ሜትሩ ባይሞላም በዓመት አንዴ መቀየር።

ይህን ከተቀበሉ «ሳልነዳው» የሚለው ዕቅድ ፈረሰ። እኔን ቢጠይቁኝ የፈረሰው መልካም ነገር ነው፤ 400 የፈረስ ጉልበት ገዝቶ በሸራ ሥር መቅበር ምን ይሉታል?

እንግዲህ ወደ መርሴዲሱ። ከ30 ዓመት በላይ የቆየ መኪና 62 ሺህ ኪሎ ሜትር ብቻ ከተነዳ በዓመት 2 ሺህ ገደማ ነው። ቁጥሩ ውሸት ከሆነ ተታለሉ። እውነት ከሆነ ደግሞ መኪናው ዕድሜውን በሙሉ ቆሞ ነው ያሳለፈው፤ አሁን የዘረዘርኩት ሁሉ ደርሶበታል ማለት ነው። በሁለቱም በኩል ሒሳቡ የሚመጣው ወደ እርስዎ ነው። የዚያ ዘመን ቆጣሪ በሜካኒክ የሚዞር በመሆኑ ወደ ኋላ መመለሱ ለለመደው ሰው ቀላል ሥራ ነው፤ ስለዚህ ቆጣሪውን ትተው የፍሬን መርገጫውን ላስቲክ ይዩ፤ ጥርሶቹ ተልጠው ጠርዙ ከተሸረሸረ 62 ሺህ አይደለም። የመሪው ቆዳ እጅ በሚያርፍበት ቦታ አብረቅርቆ ከሆነ፣ የሾፌሩ ወንበር የበሩ በኩል ትራስ ተደፍጥጦ ከሆነ፣ እነዚህ ምስክሮች ከቆጣሪው በላይ ይታመናሉ።

አዲሱ ቀለም ነው ይበልጥ ያስጠረጠረኝ። በ62 ሺህ ኪሎ ሜትር የተጠበቀ መኪና ሙሉ ቀለም ለምን ያስፈልገዋል? የቀለም ውፍረት መለኪያ ያለው ባለሙያ ይዘው ይሂዱ። የፋብሪካ ቀለም በአብዛኛው ከ100 እስከ 150 ማይክሮን አካባቢ ነው፤ በእጥፍ ካደገ እንደገና ተቀብቷል፤ ከ1,000 ካለፈ ከሥሩ ስቱኮ አለ፤ ስቱኮው ሥር ደግሞ ወይ ግጭት አለ ወይ ዝገት። በእነዚህ መኪኖች ላይ ዝገት የሚደበቀው በበሮቹ ታችኛ ክፍል በተለጠፈው ፕላስቲክ ጀርባ፣ ክሪክ በሚገባባቸው ቀዳዳዎች ዙሪያና የፊት ፓራፋንጎዎች ታች ነው። የክሪኩን መክደኛ ፕላስቲክ ነቅለው በጣትዎ ከውስጥ ይዳስሱ፤ ደረቅና ለስላሳ ከሆነ ደህና፣ ቅርፊት ከተላጠልዎት እጅዎን ጠርገው ይሰናበቱ። የ500 ኢ ፓራፋንጎ የራሱ ብቻ ነው፤ ከተራው አቻው ላይ ነቅለው አይገጥሙትም።

ከዚያ ኮፈኑን ከፍተው የሞተሩን ሽቦዎች ይዩ። በ1990ዎቹ የመጀመሪያ ዓመታት በተሠሩ ብዙ መርሴዲሶች የሞተር ሽቦው ሽፋን በሙቀትና በዕድሜ ይደርቅና ይፈረፈራል። ከመሰኪያው አጠገብ ጥቁሩን መሸፈኛ ትንሽ ወደ ኋላ ስበው ቀጭኑን ሽቦ በቀስታ ጎንበስ ያድርጉት፤ ሽፋኑ እንደ ደረቅ ቅጠል እጅዎ ላይ ከተሰባበረ ሙሉ የሽቦ ቀፎው ይቀየራል፤ ርካሽ አይደለም። የተቀየረ ከሆነ ደግሞ ደረሰኝ መኖር ነበረበት። ደረሰኙ የት አለ? ቤት ሲቀየር ጠፋ።

በነገራችን ላይ እውነተኛ 500 ኢ መሆኑንም ያረጋግጡ፤ ስም መለጠፊያ በየመደብሩ ይሸጣል። ለአውሮፓ ገበያ በተሠሩት ላይ የሻንሲ ቁጥሩ ከአምራቹ መለያ ሦስት ፊደላት ቀጥሎ 124036 ብሎ ይጀምራል። ባትሪው ሞተሩ ዘንድ ሳይሆን ከኋላ ሻንጣ መጫኛው ውስጥ ነው፤ ቪ8ቱ ቦታ አላስተረፈለትምና። በሻንሲ ቁጥሩ ከአምራቹ የሚገኘው የመረጃ ካርድ የመጀመሪያውን ቀለምና የሞተሩን ቁጥር ይነግርዎታል፤ አሁን የተቀባው ቀለም ከዚያ ከተለየ ዋጋው ላይ ሌላ ቅናሽ ነው። ካርዱ ግን መኪናው እንዴት እንደተያዘ አይናገርም። ለዚያ ያለው ብቸኛ ምስክር ጠፍቷል።

ኤም 5ቱ በተቃራኒው ብዙ ተነድቷል፤ ግን የተነዳበትን መንገድ ማንበብ ይቻላል። ክላሰሩን ይዋሱና አንድ ምሽት ተቀምጠው ደረሰኞቹን በቀን ቅደም ተከተል ያንጥፏቸው። እያንዳንዱ ደረሰኝ ላይ የተጻፈው ኪሎ ሜትር ወደ ላይ እየሄደ ነው ወይ? ሁለት ዓመት ሙሉ ባዶ የሆነበት ጊዜ አለ ወይ? ዘይት በየስንቱ ተቀየረ? ፍሪሲዮን ስንት ጊዜ? ቫኖስ የሚባለው የቫልቭ ሰዓት ማስተካከያ ተጠግኗል ወይ? የሞተሩን ካቴና የሚመሩት ፕላስቲኮች ተለውጠዋል ወይ? የመጨረሻዎቹ ሁለቱ የዚህ ሞተር የታወቁ ደካማ ጎኖች ናቸው፤ ካልተሠሩ ሊሠሩ ነው፤ ከዋጋው ይቀንሱ። ሞተሩ ዘይት የመጠጣት ልማድም አለው፤ ባለቤቱ «ጠብታ አይጨምርም» ካለዎት ወይ ዕድለኛ ነው ወይ አይለካም። የሻንሲ ቁጥሩ ደብሊው፣ ቢ፣ ኤስ በሚሉት ፊደላት መጀመር አለበት፤ ተራዎቹ በደብሊው፣ ቢ፣ ኤ ነው የሚጀምሩት።

ሊያዩት ሲሄዱ ሞተሩን ሳያሞቀው እንዲጠብቅዎት ይንገሩት። ሲደርሱ ኮፈኑን በእጅዎ ይንኩ። ሲነሣ የመጀመሪያዎቹን ሰኮንዶች ዝም ብለው ያዳምጡ፤ የብረት ኳኳታው ቶሎ ካልጠፋ ካቴናውን ወይም ቫኖሱን ይጠርጥሩ። ከዚያ የሞተር ዙር መለኪያውን ይዩ። በዚህ መኪና ላይ ዘይቱ ሲቀዘቅዝ በመለኪያው ዙሪያ ብርቱካናማ መብራቶች ይበራሉ፤ ዘይቱ እየሞቀ ሲሄድ አንድ በአንድ እየጠፉ ሞተሩን ወደ ከፍተኛ ዙር ለመውሰድ ይፈቅዳሉ። መጀመሪያ ባለቤቱ ይንዳ፤ እርስዎ ጎኑ ተቀምጠው እግሩን ይመልከቱ። መብራቶቹ ሳይጠፉ ነዳጁን የሚረግጥ ከሆነ መኪናውን በየጠዋቱ እንዴት ሲይዘው እንደኖረ ከደረሰኙ ይበልጥ ነግሮዎታል።

ያም ሆኖ የራስዎ ዓይን አይበቃም። ይህን ሞተር የሚያውቅ፣ ከሻጩ ጋር የማይተዋወቅ መካኒክ ከፍለው ይውሰዱ፤ መኪናው ከፍ ብሎ ከሥሩ ይታይ፤ የኮምፕሬሽን (የሲሊንደሮቹ ግፊት) ምርመራ ይደረግለት። ሻጩ ምርመራውን ከከለከለ ክርክር አያስፈልግም፤ ይመለሱ። የተጫረ ቀለም አያስደንግጥዎት፤ ጭረት የሚታይ ችግር ነው፤ የሚታይ ችግር ዋጋ አለው፣ ይደራደሩበታል። ከገዙት በኋላ ቢያንስ የዋጋውን አንድ አራተኛ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ጥገና ለብቻው ይያዙ፤ ይህ ከሌለዎት መኪናው ቢያምርም አቅምዎ አይደለም። መድኑንም መኪናው ቢጠፋ በስንት እንደሚካስ አስቀድሞ በጽሑፍ የተስማማ ቢሆን ይመረጣል፤ አለዚያ እንደ ማንኛውም ያረጀ መኪና ይገመትብዎታል።

የባለቤትዎ ጥያቄ ከደብዳቤው ሁሉ የተሻለው ጥያቄ ነው። ከ10 ዓመት በኋላ የሚገዛዎት ሰው ማን ነው? ይህ መኪና ሲወጣ ወጣት የነበረ፣ አሁን ደህና ገንዘብ የያዘ፣ ያኔ ደግሞ ወደ ስልሳዎቹ የሚጠጋ ሰው ነው። የእሱ ልጆች ማንዋል ካምቢዮ መንዳት ይፈልጉ ይሆን? በየከተማው የሚጣለው የጭስ ገደብ እንዲህ ያለውን ሞተር የት ድረስ ያስገባዋል? በአንድ በኩል የኤሌክትሪክ መኪና መብዛት ድምፅ ያለውን ቪ8 ይበልጥ ሊያስናፍቅ ይችላል፤ በሌላ በኩል የሚጠግነው እጅ ያንሳል። ሁለቱም ኩባንያዎች ለድሮ መኪኖቻቸው መለዋወጫ የሚያቀርቡ ክፍሎች አሏቸው፤ ግን ሁሉን አያመርቱም፣ የሚያመርቱትም ላይ ዋጋው አይታዘንም። ወዴት እንደሚያጋድል ልምልልዎት አልችልም።

አንድ ነገር ግን በእርግጠኝነት መናገር ይቻላል። ያ ገዢ ጥሩ ዋጋ የሚከፍል ዓይነት ከሆነ እርስዎን የሚጠይቅዎት እኔ አሁን ሻጮቹን ጠይቁ ያልኩዎትን ነው፤ ደረሰኙን፣ የቀለሙን ውፍረት፣ የሻንሲ ቁጥሩን፣ የቆመበትን ዘመን። መርሴዲሱን ገዝተው ከሆነ «ደብተሩ ቤት ሲቀየር ጠፍቶ ነው የገዛሁት» ብለው የሚያስረዱት እርስዎ ይሆናሉ። ኤም 5ቱን ከሆነ ደግሞ ክላሰሩ ላይ የራስዎን 10 ዓመት ጨምረው ያስረክባሉ። ይህን ለባለቤትዎ ያንብቡላቸው፤ ምርመራውም ላይ አብረው ይሂዱ፤ ልቡ ያልሸፈተ ሰው አብሮ ሲኖር የሚታየው ይበዛል።

ስለ ቸርኬዎቹ፤ አዎ፣ ችግር ነው፣ ግን የሚፈታ ነው። የዚህ ኤም 5 የፋብሪካ ቸርኬ ባለ 18 ኢንች ነው፤ የፊቱ 8፣ የኋላው 9.5 ኢንች ስፋት አለው፤ ቀለሙም ጠቆር ያለ ክሮም መሰል ነው። ያ ቀለም ሲጫር በትክክል መልሶ መቀባት አስቸጋሪ ስለሆነ ንጹሕ ሙሉ አራቱን ማግኘት ጊዜ ይወስዳል። ሰው ቸርኬ ሲቀይር የድሮውን ብዙውን ጊዜ አይጥለውምና ባለቤቱን «የመጀመሪያዎቹ የት አሉ?» ብለው ይጠይቁት። ካሉ በዋጋው ውስጥ ይካተቱ፤ ሲረከቡም ከጀርባቸው የተቀረጸውን የመለዋወጫ ቁጥርና ስፋቱን አንድ በአንድ ያንብቡ፤ አራቱም 8 ኢንች ከሆኑ ከሌላ መኪና የመጡ ናቸው። ከሌሉ ሙሉ አራቱ አሁን የሚሸጡበትን ዋጋ አጣርተው ይቀንሱ። በጎማው ጎን ላይ ያለውን ባለ አራት አኃዝ ቁጥርም አብረው ይዩ፤ 1419 ከሆነ ጎማው በ2019 በ14ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። ጥርሱ ቢሞላም 10 ዓመት የተጠጋ ጎማ በ400 የፈረስ ጉልበት ሥር አይነዳበትም፤ እሱንም ይቀንሱ።